«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ከተባለ በኋላ

ጥር 13 ቀን ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። አንዲት የካፌ ካሸር ሒሳብ አስረክባ ስትወጣ ባለቤቱን ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ የጥምቀቱ ትርፍ ሰዓት ከደመወዙ ጋር ይደመርልኛል አይደል?»

«እዚህ ቤት ሁላችንም ቤተሰብ ነን። እንደዚህ ሰዓት የምትቆጥሪብን ከሆነ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

አለቀ። ደብዳቤ የለም፣ ፊርማ የለም። ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ታክሲ ሰልፏ ትሄዳለች።

ሰላም እንበላት። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት ሰው ናት። ንግግሩን ግን በሆነ መልኩ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ የተወሰኑ ዓመታት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማድ ሥራ ላይ ሲጣላ ስልክ የሚደወለው ወደ እኔ ነው። አብዛኛው ጥያቄ «ሕጉ ምን ይላል?» የሚል ነው። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወረቀት አለህ? ቀኑስ መቼ ነበር?» ሕጉ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ብዙ መብት ሰጥቷል። ችሎት ፊት የሚያሸንፈው ግን ወረቀት የያዘና ቀን ያላሳለፈ ነው።

ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተክቶ ነው የወጣው። ሁሉንም ሠራተኛ አይመለከትም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግም እንደዚያው። የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። በጣም ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ነው ውጭ የቀረው ብዬ አስባለሁ፤ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው። ማናጀሮች፣ ማለትም መቅጠርና ማባረር የሚችሉ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይዳኛሉ። ስለዚህ «ማናጀር» የሚል ማዕረግ ሲሰጣችሁ ከእንኳን ደስ አላችሁ በፊት ሥልጣኑ እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። ፍርድ ቤት የሚያየው የሥራውን ጠባይ እንጂ የበሩን ጽሑፍ አይደለም።

አንድ ነገር ለአሠሪዎች፦ «እኔ ጋ እኮ ያሉት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው» የሚለው አያድንም። አዋጁ ትንሽና ትልቅ ድርጅት አይለይም። አንድ ሠራተኛ የቀጠረ ሻይ ቤትም አሠሪ ነው።

ወደ ሰላም እንመለስ። የተቀጠረችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የቅጥር ውል አልፈረመችም። «ታዲያ ምን መብት አላት?» የሚል ሰው ሞልቷል። ሕጉ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ካልሰጠም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ሠራተኛ መሆኗን በሌላ ነገር ማስረዳት ትችላለች። ፔሮል ላይ የፈረመችበት፣ ደመወዟ የገባበት የባንክ ደብተር፣ የጡረታ መዋጮ፣ አብረዋት የሠሩ ምስክሮች አሉ።

የሙከራ ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ስንት አሠሪ ሲሳሳት አይቻለሁ! ሙከራ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከ60 የሥራ ቀንም መብለጥ አይችልም። ብዙ ቦታ ግን «ሦስት ወር ሙከራ» ይባላል። እስቲ ቁጠሩት። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን የሚሞላው በ10 ሳምንት ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ወደ 78 የሥራ ቀን ደርሷል። አሠሪው በ75ኛው ቀን «ሙከራውን አላለፍክም» ብሎ ቢያሰናብተው፣ ሠራተኛው ከሁለት ሳምንት በፊት ቋሚ ሆኗል። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ብቁ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ መለያየት ይቻላል፤ ሠራተኛውም ካልተመቸው ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ካለፈ ግን ጨዋታው ይለወጣል።

የኮንትራት ነገርም እንደዚሁ ነው። በየዓመቱ እየታደሰ አራት አምስት ዓመት የሚሄድ «ጊዜያዊ» ቅጥር ታውቃላችሁ። አዋጁ የሚነሳው ማንኛውም ቅጥር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ በመቁጠር ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። የወለደችን ወይም የታመመን ሰው ለጊዜው መተካት፣ ወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ ተቆርጦ የተሰጠ ሥራና የመሳሰሉት ናቸው። የካፌ ካሸርነት ከእነዚህ ውስጥ የለበትም። ካፌው እስካለ ድረስ ሒሳብ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «ለአንድ ዓመት» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም።

አሁን ወደ ጸቡ መነሻ እንግባ። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓትም ገደብ አለው፤ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ክፍያው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2። በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5።

የሰላም የሰዓት ደመወዝ 40 ብር ነው እንበል። ጥምቀት ዕለት ከመደበኛ ሰዓቷ በላይ 3 ሰዓት ሠርታለች። 40 በ2.5 መቶ ብር ነው፤ በ3 ሰዓት 300 ብር። በዓል ላይ የሠራችው መደበኛ ሰዓት ራሱም በእጥፍ ነው የሚታሰበው። ጋሼ የተጣላው በዚህች ብር ነው። ያስከተለበትን ወጪ ቆየት ብለን እናየዋለን።

ፈቃድን በአጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። «ፈቃዴን በብር ስጡኝና ልሥራ» የሚለው ልማድ በሕግ ክልክል ነው፤ በብር የሚታሰበው ሥራው ሲቋረጥ ነው። የወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። አባት ደግሞ 3 ቀን። (3 ቀን ለአራስ ቤት ምን ታደርጋለች? ግን ከዜሮ ይሻላል።) የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ወረቀት ግን የግድ ነው።

የስንብቱን ጉዳይ ከመጀመሬ በፊት አንዲት ቃል ላጽዳ። በአማርኛችን «ማስጠንቀቂያ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ጥፋት ሲፈጸም የሚጻፈው የዲሲፕሊን ደብዳቤ ነው። ሌላው «ከዚህ ቀን ጀምሮ ውላችን ይቋረጣል» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቂያ ነው። ሰዎች ሁለቱን ያምታቱና «ሦስት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠኝ ማባረር አይችሉም» ይላሉ። ሕጉ ሦስት የሚል ቁጥር የለውም። ገንዘብ ማጭበርበር፣ ወይም ሥራ ቦታ መደባደብን የመሰለ ከባድ ጥፋት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። እነዚህ አንቀጽ 27 ላይ ተዘርዝረዋል። ማርፈድ ግን የሚያሰናብተው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ከሆነ ነው። መቅረትም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሆነ ነው። «ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰለህ!» የሚል አሠሪ ችሎት ላይ ባዶ እጁን ነው። በአፍ የተነገረ ነገር አይቆጠርለትም።

በጤናማው መንገድ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትም ይቻላል፤ ሠራተኛው የሥራ ችሎታው ከቀነሰ፣ ወይም የሥራ መደቡ ከተሰረዘ። የማሳወቂያው ጊዜ ሙከራ ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ 1 ወር ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ከሆነ 3 ወር። ደብዳቤው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መያዝ አለበት። ሠራተኛውም በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጥሎ ከጠፋ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው። በጾታዊ ትንኮሳ ወይም ሰብአዊ ክብሩን በሚነካ ድርጊት የሚለቅ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። እሱም ይህን መብት የሚጠቀምበት በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ነው።

መብቱን ስለጠየቀ፣ አቤቱታ ስላቀረበ፣ ስላረገዘች፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል ስለሆነ ማሰናበት ደግሞ በምንም ዓይነት ደብዳቤ ሕጋዊ አይሆንም። ሰላም የተባረረችው «ትርፍ ሰዓቴስ?» ስላለች ነው። ስለዚህ ስንብቷ ሕገ ወጥ ነው።

ግን ማስረዳት አለባት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሰላም ቤቷ ተቀመጠች። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ብትከስ ጋሼ ምን ይላል? «እኔ መቼ አባረርኳት? ራሷ ቀረች።» ደብዳቤ አልጻፈም፤ ያልጻፈው ለዚህ ነው። ከሰማ ሰው በቀር ንግግሩን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ያ የሰማ አስተናጋጅ ደግሞ አሁንም እዚያው ካፌ ይሠራል።

ስለዚህ እንዲህ የተባለ ሰው ሁሉ በማግስቱ ወደ ሥራው ይሂድ። ለብቻው ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር። ካላስገቡት በዚያው ቀን በስልክ መልእክት ይጻፍ፦ «ጋሼ፣ ትናንት ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ ባሉኝ መሠረት ዛሬ ጠዋት መጥቼ ተመልሻለሁ። የስንብት ደብዳቤዬን ይስጡኝ።» በትሕትና፣ ያለ ስድብ። ዝም ቢባል እንኳ መልእክቱና ቀኑ ይቀመጣል። ከቻለ ደግሞ ያንኑ በወረቀት ጽፎ ሁለተኛውን ቅጂ ያስፈርም፤ አልፈርም ካሉ በሪኮመንዴ ፖስታ ይላክ።

አሁን ጋሼ ላይ የሚመጣውን እንቁጠር። ፍርድ ቤት ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰላም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ውዝፍ ደመወዝም ይከፈላታል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር አይበልጥም። ሌላው ሥራው ይቅርና ካሣ ይከፈላት ነው። ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜው የ2 ወር ደመወዝ አለ። ከዚያ የሥራ ስንብት ክፍያ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ሦስት ዓመት ለሠራችው ሰላም 30 ሲደመር 10 ሲደመር 10፣ የ50 ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። የቀሪ ዓመት ፈቃዷ ሒሳብም አለ። የመጨረሻ ክፍያ ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት። በመዘግየቱ ብቻ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨመርበት ይችላል። ለ300 ብር!

የስንብት ክፍያን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። «ስለቅ ሰርቪሴን ይሰጡኛል» ይባላል። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሰው ሁሉ ይህን አያገኝም፤ ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገልን ጨምሮ ሕጉ ያስቀመጣቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ማሟላት አለበት። ዛሬ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ጡረታ አለው፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የናንተ 7 በመቶ ተቆርጦ ወደ ጡረታ መግባቱን አንዳንዴ ጠይቁ። ተቆርጦ የቀረ አጋጥሞኛል።

ካሸር ካነሳን አይቀር የሒሳብ ጉድለት ነገርም አለ። «ጎደለ፣ ከደመወዝሽ ይቆረጣል» የሚባለው። አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በዚያም ላይ በአንድ ወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም። ተያዥ የጠራችሁም ብትሆኑ ጽሑፉን እዩት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም። «ለሚያጠፋው ሁሉ» የሚል ዋስትና ያሳስባል እንጂ አያስከፍልም።

ጋሼን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስል፤ ሰላም በእርግጥ ገንዘብ ብታጎድል ወይም ብታጭበረብር ኖሮ ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ጉዳዩን እስኪያጣራ እስከ 30 የሥራ ቀን ከሥራ ሊያግዳት ይችላል። ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ግን መወሰን አለበት። ብዙ አሠሪ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ጥፋቱ እውነት ነው፤ ማስረጃውም አለ። ግን «ይሁን፣ ልታገሰው» ብሎ ሦስት ወር ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሲናደድ ያንን አሮጌ ጥፋት መዝዞ ያባርራል። ቀኑ አልፏል። የታገሰው ጥፋት መልሶ እሱን ያስከስሰዋል።

ይህ የቀን ነገር ለሠራተኛውም ይሠራል፤ ስሙ ይርጋ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር። ከስንብቱ የሚመነጭ ክፍያም በ6 ወር። ሽማግሌ መላክ ይርጋን አያቆምም። «እንነጋገራለን፣ ትንሽ ታገሺ» የሚለውም አያቆምም። የሚያቆመው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ ነው። ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም ከፊሉን ከከፈለ። ሽማግሌዎቹ ከመጡ አይቀር አንድ የተፈረመ ወረቀት አስወጡ።

ዛሬ ሚያዝያ 3 ነው እንበል። ሰላም እስካሁን ያጎቷን ሽምግልና ስትጠብቅ ነበር። ወደ ሥራ የመመለስ መብቷ ሚያዝያ 13 ያልቃል፤ 10 ቀን ቀርቷታል። የካሣና የስንብት ክፍያው እስከ ሐምሌ 13 ይቆያል። የመስከረም ወር ትርፍ ሰዓቷ፣ የመስቀልን ዕለት ጨምሮ፣ መስከረም 30 መከፈል ነበረበት፤ መጋቢት 30 ላይ ይርጋ በልቶታል። በ3 ቀን አመለጣት። የጥቅምቱ ግን እስከ ሚያዝያ 30 በሕይወት አለ፤ የጥምቀቱ 300 ብርም አለ።

ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የባንክ ደብተሯን፣ ጋሼ «እሺ ነገ ቶሎ ግቢ» እያለ የላከላትን የቴሌግራም መልእክቶች፣ ትርፍ ሰዓቷን የምትመዘግብበትን ትንሽ ደብተርና የሁለት ምስክሮች ስም ይዛ ነገ ጠዋት መሄድ ትችላለች። ስትመለስ ደግሞ የሥራ ልምድ ወረቀቷን በጽሑፍ ትጠይቅ። እሱን መስጠት ግዴታ ነው፤ ክስ መኖሩም አይከለክለውም።